ግማሽ ጢም፣ ሙሉ ታሪክ

ፀጉር አስተካካዩን ሰፈሩ «ይቀጥላል» ነው የሚለው። ስሙን ያወጣለት ሥራው ነው። ደንበኛ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ወሬ ይጀምራል፤ ማሽኑ ማጅራት ጋ ሲደርስ ወሬውን ልብ የሚሰቅል ቦታ ያደርሰዋል፤ ከዚያ ፎጣውን ያራግፍና «የቀረውን ስትመጣ» ይላል። ደንበኛውም እየተራገመ ይሄዳል፣ ፀጉሩ ሳያድግም ይመለሳል። ቤቱን ያቆመው ግማሹ መቀሱ፣ ግማሹ ይህ ተንኮሉ ነው።

ሚስቱ ግን «አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ማለት ላንተ ነው» እያለች ታበሽቀው ነበር።

አንድ ቀን በትርጉም ሥራ የምትተዳደር የእህቱ ልጅ ልትጠይቀው መጥታ ለደንበኛ የሚያወራውን አንድ ወሬ ሰማች። ወሬው ሚስቱ ስለሞተችበት አንድ ሰው ነው። ድሮ እሷ ትከፍትለት ስለነበር ዛሬም ባዶ ቤቱን ሳያንኳኳ አይገባም። አንድ ማታ ሲያንኳኳ ከውስጥ «ግባ!» የሚል ድምፅ ሰማ። ይቀጥላልም እዚህ ላይ ፎጣውን አራገፈ።

«አጎቴ፣ ይሄማ መጻፍ አለበት» አለችው። «ከየአገሩ አጫጭር ልብ ወለድና መጣጥፍ እየሰበሰበ በኢንተርኔት የሚያወጣ መጽሔት አለ። አንተ ጻፈው፣ መተርጎሙን ለኔ ተወው።»

ሳቀባት። ነገሩ ግን ከልቡ አልወጣ አለ። የሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ የማያውቅ፣ ቋንቋውን የማይሰማ ሰው ወሬውን ያዳምጠው ይሆን? ይህን ሳያይ መሞት አልፈለገም። ጻፈው፤ እሷ ተረጎመችውና ላኩት።

የመጽሔቱ አዘጋጅ መለሰች። «ታሪኩን ወደድነው። ግን "ግባ" ያለው ማን ነው? ሥራህን የእህትህ ልጅ ነግራኛለች፤ እኔ ግን ፀጉሬ ሲያድግ ተመልሼ የምመጣ ደንበኛ አይደለሁም። እስከ ሰኞ መጨረሻውን ካልላክህ በቦታው የሌላ ሰው እናወጣለን።»

«መጨረሻውን ከነገርኩማ ማን ይመለሳል?» ብሎ ጮኸ። ቆየት ብሎ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለእህቱ ልጅ እውነቱን አወጣው። «ማን እንደሆነ እኔም አላውቅም። አንድም ወሬ ጨርሼ አላውቅም፣ ልጄ።»

ቅዳሜ አንድ ሾፌር ደንበኛው ጢሙን ሊላጭ መጣ። ይቀጥላል ያንኑ ታሪክ ጀመረለት። ጭንቀት ላይ ስለነበር ግን ወሬው ምላጩን ቀደመው፤ «ግባ!» ላይ ሲደርስ የተላጨው አንዱ ጉንጭ ብቻ ነበር።

«እሺ፣ ማን ነው?» አለ ሾፌሩ።

«የቀረውን ስትመጣ...»

«የቀረውማ ጢሜ ነው! ሁለቱንም ሳትጨርስ ከዚህ ወንበር ንቅንቅ አልልም።»

ተራ ጠባቂዎቹ በሳቅ ፈነዱ። ይቀጥላልን ላብ አጠመቀው። ምላጩን እንደያዘ ከግድግዳው ወዲያ የልብስ ሰፊው ጎረቤቱ የስፌት መኪና ሲንቀጫቀጭ ሰማ። ቀኑን ሙሉ የሚሰማው፣ ግን ልብ ብሎት የማያውቅ ድምፅ ነው።

«የሰውየው ጎረቤት ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ተኳርፈው ሰላምታ ካቆሙ ቆይተዋል። ግን ሰውየው በየማታው ሲያንኳኳና መልስ ሲያጣ ጎረቤቱ በግድግዳው ይሰማው ነበር። አንጀቱ አልችል አለ። ሚስትየዋ በደህናው ጊዜ አደራ የሰጠችው ትርፍ ቁልፍ ነበረው። ያን ቀን ቀድሞ ገባና ጠበቀው።»

ሾፌሩ «እስቲ ምላጩን ከአንገቴ አንሳልኝ፣ ዓይኔን ልጥረግ» አለ።

መጨረሻው ከሰኞ በፊት ተላከ። ታሪኩ የወጣ ዕለት የእህቱ ልጅ ስልኳን ይዛ እየሮጠች መጣች፤ ሚስቱም ተከትላ ገባች። ከታሪኩ ሥር ከሩቅ አገር አንዲት ሴት «እኔም ዛሬ ደጄን አንኳኩቼ ገባሁ» ብላ ጽፋለች። ከባሕር ማዶ ደግሞ አንድ ፀጉር አስተካካይ፦ «ለደንበኛዬ ሳነብለት "ግባ" ላይ ሆን ብዬ አቆምኩ። ግማሽ ጢሙን እንደያዘ ስልኬን ነጠቀኝ!»

ይቀጥላል መቀሱን እንደያዘ ሁለት እጁን ወደ ላይ ሰቀለ። ሾፌሩም ተራ ጠባቂዎቹም ሲያጨበጭቡ ቤቱ ተናጋ። ደስታው እንደ ሕፃን አዘለለው።

«አንብብልን» አለች ሚስቱ። «እስከ መጨረሻው ግን!»

አነበበላቸው። የመጨረሻዋን ቃል ሲጨርስ ያ የድሮ ፍርሃቱ መጣበት፤ እንግዲህ አልቋል፣ ተነስተው ይሄዳሉ። ማንም አልተነሳም። ሾፌሩ ብቻ ብድግ አለና ሄዶ የመላጫው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«በል፣ ሌላ ጀምር።»

«ዛሬ ጠዋት ተላጭተህ የለም እንዴ?» አለችው ሚስቱ።

«ለጢም ነው የምመጣው ማን አለሽ?»