በቀኝ እጅ የተገመደው ወንጭፍ

ታላቅ ወንድሜ ግራኝ ነበር። እናቴ በግራው ሲበላ ካየችው ጣቶቹን በማማሰያ ስለምትመታው ምግብ ላይ ቀኙን ለመደ፤ ሥራ ላይ ግን ግራኝ እንደሆነ ቀረ። ቃጫ ሲገምድ ሰው ሁሉ በቀኝ ጭኑ ላይ በቀኝ መዳፉ ያሻል፤ እሱ በግራ ጭኑ ላይ በግራው። ስለዚህ የሱ ገመድ ጥምዙ የተገላቢጦሽ ነው። ሌላ ሰው የገመደው ጫፉን ይዘው ወደ ውስጥ ሲያዞሩት ይላላል፤ የሱ ይጠብቃል። ግሪሳ ወፍ ማሽላው ላይ ሲወርድ ወንጭፉን የሚዋሱት ጎረቤቶች፣ «ይሄንንስ ሰይጣን ነው የገመደው!» ይሉት ነበር።

«እንግዲያው ሰርቃችሁ አትደብቁትማ፤ ይታወቃል» ይላቸዋል እየሳቀ።

አባታችን በወባ ከሞተ በኋላ ከሸዋ ሮቢት ዝቅ ብሎ ያለውን ማሳችንን ያረሰው እሱ ነው። እናቴ በገበያ ቀን በርበሬ ትሸጣለች። እኔ በመሠረተ ትምህርት ጣቢያ ፊደል ከለየሁ ወዲህ ለሰፈሩ ደብዳቤ አነባለሁ። ወንድሜን ገበሬ ማኅበሩ ለስብሰባ ብሎ ጠራው፤ ከስብሰባው ወደ ቤት አልተመለሰም። ከሌሎች ስድስት ልጆች ጋር በጭነት መኪና ወደ ማሠልጠኛ ተወሰደ። መጻፍ ስለማይችል በሁለት ዓመት ውስጥ የመጡልን ሦስት ደብዳቤዎች በሦስት የተለያዩ ሰዎች እጅ የተጻፉ ናቸው። እግረኛ ጦር ውስጥ መሆኑን፣ ደህና መሆኑን፣ ማሽላው እንዴት እንደሆነ መጠየቁን እንጂ ሌላ ነገር አልያዙም።

ሰኔ ላይ የገበሬ ማኅበሩ ጥበቃዎች መጥተው ቤታችንን ፈተሹ። አንዱ ጎተራውን በሳንጃ እየወጋ፣ «ልጃችሁ ከጦሩ ጠፍቷል ይባላል» አለ። ምንም አላገኙም። መስከረም አጋማሽ ላይ ደግሞ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ራሱ ሁለት ሰው አስከትሎ መጣና ቆቡን አውልቆ አንድ ወረቀት እየሰጣት፣ «እትዬ፣ ልጅዎ ለእናት አገሩ ተሰውቷል» አላት።

እናቴ አላለቀሰችም። ወረቀቱን ለኔ ሰጠችኝ። ቀን የለበትም፤ ቦታም የለበትም። ማኅተሙ ግማሹ ከወረቀቱ ውጭ ቀርቷል። ሰዎቹ ከአጥሩ እስኪወጡ ጠብቃ፣ «ይሄ ሰውዬ ሊያረዳን አልመጣም፤ ፊታችንን ሊያይ ነው የመጣው» አለችኝ። «ባለፈው ጠፋ ያሉን ዛሬ ሞተ ይላሉ? ካላለቀስን ያለበትን ያውቃሉ ሊለን ነው። ካለቀስን ደግሞ በቁሙ ላለ ልጄ ሶላት ላሰግድበት ነው?»

በዚህ ምክንያት ለቅሶ አልተቀመጠችም። በሌለበት የሚሰገደው ሶላት አልተሰገደም፤ ሰደቃም አልወጣም። ሊያጽናኗት የሚመጡትን ማን ላካቸው እያለች ታጠናለች። እኔም ከገበያ ስትመለስ ማን ምን ብሎ እንደጠየቃት አንድ በአንድ አስነግራታለሁ።

በጥቅምት፣ ማሽላው ወተት ሲይዝ፣ በክራንች የሚሄድ ወታደር እየጠየቀ ቤታችን መጣ። ንግግሩ የደጋ ነው። ከወንድሜ ጋር አንድ ምሽግ ውስጥ እንደነበሩ ተናገረና ከሻንጣው የተቋጠረ ጨርቅ አውጥቶ እናቴ ፊት አስቀመጠ። እናቴ ሳትነካው ወተት አቀረበችለት።

«ይቅርብኝ እማማ፤ ረቡዕ ነው።»

«ለወታደርም ጾም አለው እንዴ?»

«ምሽግ ውስጥማ ረቡዕም ማክሰኞም ያው ነበር» አለ። ፈገግ ያለው እሱ ብቻ ነው።

ጨርቁን እኔ ፈታሁት። ቀበቶ፣ ማበጠሪያና ወንጭፍ ነበረበት። ወንጭፉ አዲስ ነው፤ ብዙ አልተሠራበትም። ጫፉን ይዤ ወደ ውስጥ አዞርኩት። ላላ። ሌላውንም ጫፍ ሞከርኩ፤ እሱም ላላ። ለእናቴ በጆሮዋ፣ «የሱ አይደለም» አልኳት።

ፊቷ ወዲያው በራ። ልቤ የደነገጠው ያኔ ነው። ወታደሩን፣ «መንገድ እንዳይመሽብህ፣ ልጄ» ብላ አስነሳችው። እሱ አንድ ነገር ሊለኝ ፈልጎ ሁለት ጊዜ ዞር ብሎ አየኝ። ከሄደ በኋላ፣ «አላልኩህም? ሰላይ ነው። ልጄ በሕይወት አለ» እያለች ቤቱን መጥረግ ጀመረች።

እኔ ግን የዚያ ሰው አስተያየት አላስቀምጥ አለኝ። ሰላይ ከሆነ ለማን ሪፖርት እንደሚያደርግ ልይ ብዬ ወንጭፉን እንደያዝኩ ተከተልኩት። ወደ ሊቀመንበሩ ቤት የሚያስገባውን መንገድ አልፎ ሄደ። ሸዋ ሮቢት አስፋልቱ ዳር፣ ከአሰብ የሚመጡት መኪናዎች የሚቆሙበት ቦታ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

«ወንጭፉን ከየት አመጣኸው?» አልኩት፣ ሰላምታ እንኳ ሳልሰጠው።

«ወንድምህ፣ ይፈትሸዋል ብሎኝ ነበር» አለ። ዙሪያውን ተመለከተና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በቀኙ ነው የገመደው በልልኝ ብሎኛል። ትከሻውን ተመትቶ ግራ እጁ አልነሣም አለው። ጣት እስካለው ይተኩሳል ብለው ወደ ምሽግ መለሱት። ከአሸዋው ጆንያ ቃጫ እየመዘዘ አንድ ወር ሙሉ በቀኙ ታገለ። ‹ወንድሜ ሲያየው ይስቅብኛል› ይል ነበር። የእጁን ነገር በእናቱ ፊት እንዳላነሣ አስምሎኛል። አንተን ብቻህን ላገኝህ ፈልጌ ነበር፤ እናንተ ግን አባረራችሁኝ።»

«ስትቀብሩት ነበርክ?»

«አዎ። እኔ ወጋችሁን አላውቅም። ከሻምበላችን አንድ የጅማ ልጅ ነው ፊቱን ወደ ቂብላ ያዞረልኝ።»

መኪና ቆመለት። ክራንቹን አቀበልኩት። ይቅር በለኝ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም።

መሞቱን የሚያረጋግጠው የእጁ ነገር ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ከእናቴ እንዲደበቅ የተማለበት ነው። እስከ ቤት ድረስ ምን ብዬ እንደማልፈው አሰብኩ፤ አላገኘሁም። እሷ ለእንግዳ እንደሚደረገው የወንድሜን መኝታ ቆዳ አውጥታ ፀሐይ ላይ ዘርግታው ነበር። ሁሉንም ነገርኳት።

ወንጭፉን ከእጄ ወሰደች። ጫፉን ይዛ ወደ ውስጥ አዞረችው፤ ላላ። ደግማ አዞረችው።

«ቀኙን ያስለመድኩት እኔ ነኝ» አለች። «እየመታሁ።» ከዚያ ኢና ሊላሂ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ተሰገደለት። ሊቀመንበሩም መጥቶ ከኔ ፊት ባለው ሰልፍ ቆመ። ሶላቱ እስኪያልቅ ዓይኔ ከጀርባው አልተነሣም። በመጨረሻ ለማሰላመት ፊቱን ወደ ጎን ሲያዞር ጉንጩ እርጥብ ነበር። ያን ዕንባውንም አላመንኩትም።