የቀዩ ጄሊ ነገር

በአረጋውያን መኖሪያው እቃ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራችውን ሴት፣ ከዘበኛው እስከ ሥራ አስኪያጁ ሁሉም «ማጣሪያ» ነው የሚሏት። ስሙን ያወጡላት የወጥ ቤት ሠራተኞች ናቸው። የነቀዘ ዱቄት፣ የተጨረማመተ የምግብ ቆርቆሮ፣ ቀኑ ያለፈ ወተት በእሷ በኩል አልፎ አያውቅም። ሥራ የጀመረችው ሳህን በማጠብ ነበር። የእጅ ጽሑፏ ያማረ ስለሆነ፣ የእቃ ቤቱ ሰው የታመመ ጊዜ «ለሳምንት ተኪው» ተባለች፤ ሳምንቱ ሳያልቅ ይኸው ጠጉሯ ሸበተ።

ዓይኗ ከደከመ ቆይቷል። ማሸጊያ ላይ ቀን የሚጻፈው በትልልቁ ስለሆነ ግን ብዙም አላስቸገራትም። ልጇ እየጎተተች ሐኪም ቤት ወስዳ መነጽር ያሠራችላት ጊዜ፣ ዓለም እንደ አዲስ ተፈጠረ። በማግስቱ እቃ ቤት ገብታ፣ ፊደል እንደለየ ሕፃን ያገኘችውን ሁሉ ማንበብ ያዘች፤ የጨው ከረጢት፣ የሳሙና ካርቶን፣ የብስኩት ፓኬት። እንዲህ ስትል ነው ሐሙስ ሐሙስ ከምሳ በኋላ የሚቀርበውን የቀዩን ጄሊ ካርቶን ያነሳችው። ፊቱ ላይ ጡጫ የሚያክል እንጆሪ ተስሏል። ጎኑ ላይ ደግሞ ጉንዳን በሚያክል ፊደል፣ «ስኳር፣ የከብት ጄላቲን፣ ማቅለሚያ» ይላል።

ጄላቲን የሚለውን ቃል ሰምታዋለች እንጂ ምን እንደሆነ ጠይቃ አታውቅም። «የከብት» የሚለው ግን ማብራሪያ አላስፈለገውም። ክው አለች። ወዲያው ፊቷ ላይ ድቅን ያሉት ጋሼ ሹፌር ናቸው።

ጋሼ ሹፌር መኖሪያው ከገቡ ስድስት ዓመት የሆናቸው፣ ረዥም፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። በጉልምስናቸው ከብት ወደ ቄራ የሚያመላልስ መኪና ይነዱ ነበር። ከአርባ ዓመት ወዲህ ግን ሥጋ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም። ለምን ብሎ የጠየቃቸው ሁሉ «እንዲያው ተውኩት» ከማለት ሌላ መልስ አላገኘም። የሳቸው ምግብ በሌላ ድስት፣ በሌላ ማማሰያ ነው የሚሠራው። ሐሙስ ሲሆን ታዲያ እኚሁ ቁጥብ ሰው ሁለት ኩባያ ቀይ ጄሊ ጥርግ ያደርጋሉ፤ የጎረቤታቸውንም በዓይናቸው ይጠብቃሉ።

ማጣሪያ ካርቶኑን ይዛ ወደ ምግብ አብሳይዋ ሮጠች።

«እና ምን ይሁን ነው የምትይው?» አለቻት አብሳይዋ፣ ከድስቷ ቀና ሳትል። «ሥጋ አላበላናቸው! ውሃ የመሰለ ነገር እኮ ነው።»

«ከብት ይላል።»

«የማያውቁት አገር አይናፍቅም፣ እቱ። የስድስት ዓመቱን አሁን ከሆዳቸው ልታወጪው ነው? ተያቸው፣ በሰላም ይብሉ።»

ነገሩ ምክር ይመስላል። ማጣሪያን ግን ከንክኗታል። ካርቶኑ ላይ ባለው ስልክ ፋብሪካው ደወለች። መጀመሪያ ያነሳችው ልጅ «ጣፋጭ ነው እኮ፣ ሥጋ የለውም» ብላ ሳቀችባት። ማጣሪያም አልዘጋም ብላ ድርቅ ስትል፣ ጥራት ተቆጣጣሪው ቀረበ።

«ጄላቲን ከከብት ቆዳና አጥንት ተቀቅሎ ነው የሚወጣው፣ እመቤቴ» አላት በትሕትና።

«ቢጫው ጄሊስ?»

«ያው ነው።»

«የወተቱ ፑዲንግስ?»

«እሱን የሚያወፍረው የበቆሎ ስታርች ነው። ሮዙ ግን ቀለሙ ከነፍሳት ነው።»

«ከምን?»

«ከትንንሽ ነፍሳት። ደርቀው፣ ተፈጭተው።»

ማጣሪያ አጠገቧ የነበረውን ሮዝ ፑዲንግ በክንዷ ገፋ አደረገችው። ለራሷ ቁርስ ያስቀመጠችው ነበር።

ሁለት ቀን ሙሉ መደርደሪያውን ስታገላብጥ ዋለች። አንዳንዱ ማሸጊያ በግልጽ ይናገራል፤ አንዳንዱ «ማወፈሪያ» ብሎ ዝም ይላል፤ ለዝምተኞቹም ደወለች። ሥጋ ለማይበላ ሰው በማይሆነው ላይ ሁሉ ቀይ ፕላስተር ለጠፈች። ዝርዝሩንም በዚያ ባማረ ጽሕፈቷ ጽፋ ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። ይሄ ሁሉ ቀላሉ ነበር። ከባዱ ሐሙስ መጣ።

ለጋሼ ሹፌር ነጩን የወተት ፑዲንግ አቀረበችላቸው።

«ቀዩስ?»

«አልቋል፣ ጋሼ።»

ያን ዕለት እቤቷ ገብታ እራት አልበላ አላት። እናቷን አሰበች። እናቷ በመጨረሻ ዘመኗ የማጣሪያ ታላቅ እህት ቤት ሳለች፣ ስትጠላ የኖረችውን ወተት «የአጃ ውሃ ነው» እያሉ ያጠጧት ነበር። ቤተሰቡ ሁሉ ስቋል፤ እሷም ስቃለች። እናቷ ኩባያውን ይዛ የእያንዳንዳቸውን ፊት በተራ ታይ እንደነበር ትዝ ያላት ገና አሁን ነው። ሰው ሲያረጅ የሚነሳበትን ሰዓት ሌላው ይወስንለታል፤ የሚለብሰውን ሌላው ይመርጥለታል። ወደ አፉ የሚገባውን ማወቅ እንኳ ከተነፈገ ምኑ ቀረለት?

በሚቀጥለው ሐሙስ ምሳ ሳይደርስ ክፍላቸው ሄደች። መስኮቱ አጠገብ ጫማቸውን ይወለውላሉ።

«ጋሼ፣ ባለፈው ዋሽቼዎታለሁ። ቀዩ ጄሊ አላለቀም።»

«እና?»

«ከከብት የሚወጣ ነገር አለበት፤ ከቆዳውና ከአጥንቱ። አላውቅም ነበር። ማወቅ ግን ነበረብኝ፣ ሥራዬ ነው።»

ብሩሹ እጃቸው ላይ ቆመ። «ከመጀመሪያው ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ጀምሮ።»

ብሩሹን መስኮቱ ላይ አስቀመጡት። «እስቲ ሂጂ፣ ልጄ» አሉ። «በሩን ዝጊው።»

ምሳ አልወረዱም። ሦስት ቀን ሰላምታዋንም በአገጫቸው ብቻ መለሱላት። አብሳይዋ «አላልኩሽም?» አለቻት።

በአራተኛው ቀን ከዘራቸውን እየተመረኮዙ እቃ ቤት መጡ። «የታል ካርቶኑ? አንብቢልኝ።»

ከስኳሩ እስከ ማቅለሚያው አነበበችላቸው። ወንበር ስባ ስታቀርብላቸው ተቀመጡና፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ጀመሩ።

«ሠላሳ በሬ ጭኜ መኪናው ምድረ በዳ ላይ ቆመብኝ። ሁለት ቀን። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ለራሴ የያዝኩትን ውሃ በባርኔጣዬ እየቀዳሁ አዳረስኳቸው። አንደኛው ውሃው ሲያልቅ እጄን ላሰኝ። ከዚያ መካኒክ መጣ፤ ነድቼ አስረከብኳቸው። ሥራዬ ነው፣ አስረከብኩ።» መዳፋቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረግ አደረጉ። «ከዚያ ወዲህ ሥጋ ባየሁ ቁጥር እጄ ይረጥብብኛል። አሁን ያንገበገበኝ መብላቴ አይደለም፤ መጣፈጡ ነው።»

«ይቅርታ፣ ጋሼ።»

«ጥፋት የለብሽም አልልሽም። ግን የነገርሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ።»

ማጣሪያ ሥራ አስኪያጁን ወጥራ ይዛ፣ ከባሕር ሣር የሚረጋ ጄሊ አስገዛች። ጋሼ ሹፌር የመጀመሪያውን ማንኪያ አላምጠው «ሳሙና ነው» አሉ፤ ከዚያም ኩባያውን ጨረሱት። አብሳይዋም «ወረቀት ለቅልቃ ግድግዳዬን አበላሸችው» እያለች ስታማ ከርማ፣ አንድ ቀን በመስኮቷ ብቅ ብላ ጮኸች፦ «አንቺ! የዚህ ብስኩት ክሬም ምንድን ነው ያለበት?»

ከወራት በኋላ፣ ነርሷ ለልብ ሕመማቸው አዲስ መድኃኒት አመጣችላቸው። ጋሼ ሹፌር ፓኬቱን ለማጣሪያ ሰጧት። አገላብጣ አነበበችው፤ እዚያው ቆማ፣ ድምፅዋን ሳትቀይር፣

«ጋሼ፣ የእንክብሉ ሽፋን ጄላቲን ነው» አለቻቸው። «ሽፋን የሌለው ዓይነት እንዳለ ነርሷ ሐኪሙን ትጠይቅልን። እስከዚያ ግን ይሄንኑ መዋጥ አለብዎት።»

ነርሷም ራሷን በመስማማት ነቀነቀች። ጋሼ ሹፌር እንክብሉን መዳፋቸው ላይ አድርገው መዘኑት።

«ለምላስ የሚዋጥና ለነፍስ የሚዋጥ አንድ አይደለም» አሉ። «አሁን አውቄ ነው የምውጠው። በይ ውሃ አቀብይኝ።»