ሲሞቅ የማይነሳው ቮልስ

መቀሌ ሳስተምር አሮጌ ሰማያዊ ቮልስ ነበረችኝ። የአባቴ ናት። ደሴ ላይ ብዙ ዘመን ነድቷት፣ ዓይኑ ሲደክም ቁልፉን ለእኔ ሰጠኝ። ባለቤቴ ግን አልወደዳትም። ሥራው አዲስ አበባ ስለነበር በወር አንዴ እየመጣ ሁለት ቀን አድሮ ይመለሳል፤ በመጣ ቁጥር “ይህችን ነገር እንሽጣት” ይለኛል። እኔ ደግሞ ምንም እንደሌለባት እምልለታለሁ።

ነበረባት። ጠዋት ቁልፉን ገና ስነካው ትነሳለች። ግማሽ ሰዓት ነድቼ ካጠፋኋት ግን፣ መልሼ ሳዞር “ጠቅ” ትልና ጭጭ ነው። ሲበርድላት ምንም እንዳልተፈጠረ ትነሳለች። ስለዚህ የማቆማት ቁልቁለት እየፈለግሁ ነበር፤ ፍሬኑን ለቅቄ ስትንደረደር በማርሽ አስነሳታለሁ። ሰው ቤት ስጠራ እንኳ መጀመሪያ የማስበው ደጁ ሜዳ ይሁን ዳገት ነው።

እንዲህ የምሰጋው ለልጄ ነበር። አምስት ዓመቷ ነው፣ አስም አለባት። ሲነሳባት ዓይደር ሆስፒታል ማድረስ የእኔ ፋንታ ነው፤ ሌላ ሰው ቤት ውስጥ የለም። ተኝታ እንኳ ትንፋሿን እቆጥር ነበር።

ሰፈራችን ያለ ጋራዥ “ባትሪው ደክሟል” ብሎ አዲስ ባትሪ ገጠመልኝ። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ትኩሷን እምቢ አለችኝ። ለባለቤቴ ግን በስልክ “ተሠርታለች፣ አሁን ሰላም ናት” አልኩት።

በዚያው ወር መጥቶ ሲመለስ ከልጄ ጋር ሆነን አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ አደረስነው። ማቆሚያው ሜዳ ነው። ሞተሩን ሳላጠፋ ልሰናበተው አስቤ ነበር፣ ጥበቃው ግን አጥፊ አለኝ። አጠፋሁት። አባቷ ገብቶ ሲሰወርባት ልጄ አለቀሰች፤ ለቅሶው ሳል አመጣ፣ ሳሉ ያንን የማውቀውን የደረት ፉጨት። የምትስበውን መድኃኒት ከቦርሳዬ አውጥቼ አፏ ላይ ጫንኩት። ባዶ ነው።

የኋላ ወንበር ላይ አስቀምጫት ቁልፉን አዞርኩ። ጠቅ። እንደገና። ጠቅ። በመስታወቱ ትከሻዋ ከትንፋሿ ጋር ሲነሳ ሲወርድ አያለሁ። አንድ ሸምገል ያለ የታክሲ ሹፌር መስኮቱን መታው።

“ሓፍተይ፣ እህቴ፣ መኪናዋን ተያት! ልጅቷን ወደ እኔ አምጫት!”

“ትነሳለች፣ አንድ ጊዜ ብቻ...” አልኩት።

አዞርኩ። ጠቅ። ስድስት ጊዜ አዙሬያለሁ። ለምን እንደሆነ ዛሬም ለራሴ በደንብ ማስረዳት አልችልም። ትነሳለች ብዬ ምዬ ስለነበር ይመስለኛል። በሩን የከፈተው፣ ልጄንም ያቀፋት ሰውየው ነው፤ እኔ ከኋላው ሮጥኩ። ማረፊያው ካለበት ከኲሓ እስከ ዓይደር አንድ ጊዜ እንኳ ዞሮ አልወቀሰኝም፤ “ኣጆኺ፣ አይዞሽ፣ ደረስን” ብቻ ይል ነበር።

ሆስፒታል ጭንብል አድርገውላት መድኃኒቱን እየሳበች ቆየች። ከንፈሯ ቀለሙ ሲመለስ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ልጄን ለጎረቤት ትቼ ወደ ማቆሚያው ስመለስ ቮልሷ በአንድ ቁልፍ ተነሳች። መሪውን በቡጢ መታሁት። ከዚያ ሰዎች ወደነገሩኝ መካኒክ ነዳሁ። ሽበታም፣ በትግሉ ዘመን ከባድ መኪና ሲጠግን የኖረ፣ አንድ ጆሮው የማይሰማ ሰው ነው። የሆነውን ሁሉ፣ ስድስቱን ጊዜ ሳይቀር፣ ጮኼ ነገርኩት።

“ሲሞቅ ብቻ?”

“ሲሞቅ ብቻ።”

ሞተሩ እየሠራ ብዙ አስጠበቀኝ። ከዚያ የመኪናዋን ፊት ወደ ግድግዳ አስዞረኝና ሞተሩን አስጠፋኝ። “መብራቱን አብሪ መምህር። አሁን አስነሺ።” አዞርኩ፤ ጠቅ አለች፣ ግድግዳው ላይ ያለው ብርሃን ሊጠፋ ደርሶ ደበዘዘ።

“ኤሌክትሪኩ ይደርሳል፤ መብራቱ ባይደበዝዝ ኖሮ መንገድ ላይ ተቋረጠ እል ነበር። ሞተር የሚያስነሳው ሞተሪኖ ይጎትተዋል፣ መዞር ነው ያቃተው።”

ፈቶ አወጣው። መሬት ላይ አድርጎ ከባትሪ ጋር ሲያገናኘው ሞተሪኖው እንደ አዲስ ፏ ብሎ ዞረ። ደህና ከሆነ ምኑ ይጠገናል? እሱ ግን መልሶ መኪናው ሥር ገባ።

“ነይ፣ ጣትሽን አምጪ” አለኝ።

በማስተማሪያ ቀሚሴ ካርቶን ላይ ተንጋለልኩ። እጄን ይዞ ሞተሪኖው ከወጣበት በላይ ወዳለ አንድ ቀዳዳ አስገባው። ውስጡ ትንሽ የናስ ቀለበት አለ፤ አንዱ ጎኑ ወፍራም፣ ሌላው እንደ ምላጭ የሳሳ።

“የሞተሪኖው ዘንግ ጫፍ የሚያርፈው እዚህ ነው። ቀለበቱ ስለተበላ ዘንጉ ያዘማል፣ ሲሞቅ ይፋተግና ይያዛል። ውጭ ስትሞክሪው ግን ደህና ነው። አዲስ ሞተሪኖ ብትገዢም ያው ነበር።”

ብረት የሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት ሄዶ ሌላ ቀለበት አስቀርጾ ገጠመው። “አሁን የፈራሽበት ቦታ ሄደሽ አጥፊያት” አለኝ። አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ነዳሁ፣ እዚያው ሜዳ ላይ አጠፋኋት፣ አስር ደቂቃ ጠበቅሁ። ቁልፉን ያዞርኩት በሁለት እጄ ነው። ተነሳች።

ያን ዕለት ለባለቤቴ ደውዬ ያልነገርኩትን ሁሉ ነገርኩት።

“መኪናዋ አይደለችም ያስከፋችኝ” አለ። “ተሠርታለች ብለሽኝ ነበር።”

ይቅርታ አልኩት፤ ወዲያው ይቅር አላለኝም፣ እውነቱን ነው።

ልጄ ደግሞ ቮልሷ ውስጥ አልገባም አለች። ብለምናት፣ ብቆጣት፣ በሩን ይዛ ታለቅሳለች። ለቅሶው ደግሞ ያንን ፉጨት እንዳያመጣ ስለምፈራ እተዋታለሁ። ሁለት ወር ያህል ትምህርት ቤት በባጃጅ ተመላለስን። አንድ ጠዋት ባጃጅ ጠፋና በእግር ልንሄድ ስንል፣ እሷ ራሷ የመኪናውን በር ከፍታ ገባች፤ መድኃኒቷን በእጇ ጨብጣለች።

“አስነሺው” አለችኝ። አስነሳሁት።

“አጥፊው።” አጠፋሁት። “እንደገና አስነሺው።”

ሦስት ጊዜ አስደረገችኝ። ከሦስተኛው በኋላ መድኃኒቷን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና “እሺ፣ እንሂድ፤ ረፈደብኝ” አለች።