ባለ ፔግማታይቱ ሰውዬ

መናኸሪያው አጠገብ ሻይ የምትሸጠው ሙንተሃ የሰውዬውን ስም አታውቅም። ደረት ኪሱ ላይ ሦስት እስክሪብቶ ይሰካል፤ ሲጽፍ ግን አይታው አታውቅም። ጠዋት ጠዋት ይመጣና መሐረቡን ፈትቶ አንድ የሚያብለጨልጭ ድንጋይ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል። ከዚያ በኋላ አጠገቡ ለተቀመጠ መንገደኛ ወዮለት።

«ይኼ ፔግማታይት ይባላል» ይላል ጉሮሮውን ጠርጎ።

ትርጉሙ እንደ ሰሚው ይለያያል። ለነጋዴ የአረንጓዴው የከበረ ድንጋይ፣ የኤመራልድ እናት ነው፤ ለአስተማሪ ከምድር ሆድ ቀልጦ ወጥቶ ቀስ ብሎ የረጋ ዐለት ነው፤ ሆዱን ለሚያመው ደግሞ ተፈጭቶ ይጠጣል ሊል ምንም አይቀረው። አንድ ቀን ስኳሩ ሳይሟሟ ቢቀር «ፔግማታይት ጨመርሽበት እንዴ?» አላት።

«ጋሼ፣ ይኼ ቃል ባይኖር ምን ያወሩ ነበር?» ስትለው ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እሱ እንደ ሙገሳ ቆጥሮት ኮቱን አስተካከለ።

ባለፈው ሐሙስ ወደ ሻኪሶ የምትሄድ ነፍሰ ጡር አጠገቡ ተቀመጠች። ባሏ እዚያ ማዕድን ሊቆፍር ሄዷል።

«ጋሼ፣ ይኼ ድንጋይ ምን ዓይነት ቦታ ነው የሚገኘው? እንድነግረው ነው» አለችው።

ሰውዬው ድንጋዩን በመሐረቡ ጠቀለለ።

«ዝናብ ከጣለ ጉድጓድ እንዳይገባ ንገሪው» አላት ቀስ ብሎ። «ሲደረመስ አያስጠነቅቅም። እኔ ውኃ ልጠጣ ወጥቼ ነው የተረፍኩት። ሁለቱ ወንድሞቼ እዚያው ናቸው።»

ለመሳቅ ተዘጋጅታ የነበረችው ሙንተሃ ዞር ብላ ብርጭቆ ማጠብ ጀመረች፤ የታጠበውንም ደግማ አጠበችው።