መዥገር የመሰለኝ እብጠት

አንዲት ትንሽ እንስሳ በእኔ እጅ ካንሰር ያዛት ተብሎ ስሜ ጠፍቷል። ይህ በደል ነው፤ ይጻፍልኝ። ሰሞኑን እዚህ ኖርዌይ ከልጅ ልጄ ጋር ስቶቭነር ገበያ ወጥተን፣ አንዲት ልጃገረድ ኢልደር ካፖርቷ ውስጥ አቅፋ ሳይ ነገሩ እንደ አዲስ ከነከነኝ። ኢልደር ሙጭልጭላ የምትመስል፣ ረዘም ያለች የቤት እንስሳ ናት።

ያኔ ጉልበቴ አልከዳኝም ነበር። ቢየርቪካ ላይ አዲሱ የኦፔራ ቤት በተከፈተ ሰሞን፣ ሮመን ሰፈር ውስጥ የኢንገርን ቤት አጸዳ ነበር። ኢንገር ባሏ የሞተባት አሮጊት ናት፤ አብራት የምትኖረው ፒያ የምትባል ኢልደር ብቻ ነበረች። ወቅቱ ሁዳዴ ነው። በረዶው ይቀልጣል፤ እንዳያንሸራትት የተበተነው ጠጠር ከጫማ ሥር ይንኮሻኮሻል። ኢንገር ቫፈል የሚሉትን ጣፋጭ ቂጣ ስትጋግር ቅቤው ቤቱን ያውደዋል፤ ለእኔ ግን ጾሜን አውቃ ድንች ትቀቅልልኛለች። ለፒያ ጥሬ ዶሮ የምቆራርጠው እኔው ነኝ።

የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬ ብርቄ ይህን ሰምታ፣ «አንቺ፣ በሁዳዴ ለሙጭልጭላ ሥጋ ትከትፊያለሽ አሉ! የንስሐ አባትሽ ሰምተዋል?» ብላ ሳቀችብኝ።

«እሷ አትጾም፤ እኔ አልቀመስኩ። ምኑ ነው የሚያስቀው?» አልኳት።

አንድ ቀን ፒያ ትከሻዋን እያከከች አስቸገረች። ጠጉሯን ስገልጥ ቡናማ፣ ክብ፣ ቅርፊት ያለው ነገር ተለጥፎባታል። መዥገር! ከብት መሃል ያደገ ሰው መዥገር ሲያይ እጁ አያርፍም፤ በልጅነቴ ከላሞቻችን ጡት ሥር ስንቱን ነቅያለሁ። ቅቤ ቀባሁትና በጥፍሬ ይዤ ሳብኩት። ፒያ ጮኸች። ደሟ ጣቴ ላይ ወረደ፤ መዥገር ግን አልወጣም። ሥጋዋን ነበር የጎተትኩት። ወዲያው ለኢንገር ነገርኳት፤ አልደበቅሁም።

የእንስሳት ሐኪሟ እብጠቱን ከዙሪያው ካለው ጤነኛ ቆዳ ጋር ቆርጣ አውጥታ ለምርመራ ላከችው። ፒያም ትከሻዋ ተላጭቶ፣ ቁስሏ ተሰፍቶ፣ የኢንገር ሹራብ እጅጌ ውስጥ ገብታ ከረመች። ውጤቱ ሲመጣ ካንሰር ነው ተባለ።

የኢንገር ልጅ መጣ። እዚያው ወለል እየወለወልኩ፣ እንደሌለሁ ቆጥሮ፣ «ያቺ ሴትዮ ኬሚካል በነካ እጇ ቦጭቃት ነው በሽታው የመጣው» አላት እናቱን። ኢንገር ፒያን ወደ ደረቷ አስጠጋቻት። ከእሱ ንግግር እሷ ለእኔ አለመከራከሯ ይበልጥ አመመኝ። በሳምንቱ የጽዳት ድርጅቱ አሠሪዬ ወደ ሌላ ቤት አዛወረኝ።

ስፌቱ የሚፈታበትን ቀን አውቀው ስለነበር ፈቃድ ወስጄ ክሊኒኩ ድረስ ሄድኩ። ኢንገርና ልጇ ፒያን ይዘው ደርሰዋል፤ ልጁ ሲያየኝ ፊቱ ተለዋወጠ።

«አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ፍርዴን ልሰማ ነው» አልኩት። በተሰባበረ ኖርዌይኛዬ ሐኪሟን፣ «እነሱ ፊት ንገሪኝ። በሽታውን ያመጣሁት እኔ ነኝ?» ስል ጠየቅኋት።

ሐኪሟ ኢንገርን አየቻት። ኢንገር ፒያን ደረቷ ላይ እንዳቀፈች፣ «ንገሪያት። እኔም መስማት አለብኝ» አለች።

ሐኪሟ ተናገረች። ልጁ ይቅርታ ሳይለኝ ወጣ፤ ኢንገር ግን በማግስቱ መልሳ አስጠራችኝ። ፒያም ድና ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት ኖረች።

ይህን ለልጅ ልጄ ስነግራት፣ «ኔይ፣ ተዪ አያቴ፣ የሚጠቅምሽን ብቻ ጻፊ። ሌላውን ማን ያውቃል?» አለችኝ። እኔ አውቃለሁ። ፍርድ የጠየቀ ሰው ግማሹን ወስዶ ግማሹን አይጥልም። ሐኪሟ ያለችኝ ይህ ነው፦

«በሽታው ካንቺ እጅ አልመጣም፤ ከዚያ በፊት እዚያው ነበረ። መጎተትሽ ግን አሳምሟታል።»