ስስ ወረቀት የሚይዝ ማግኔት

የእህቴ ልጅ የረመዳኑን ካላንደር ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው፤ ገና እጇን ከማንሳቷ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወደቀ። «አጎቴ፣ ዚስ ማግኔት ኢዝ ብሮክን» አለችኝ። ማግኔቱ የኮት አዝራር የሚያህል ጥቁር ነገር ነው። ከውጭ ሲያዩት ምንም አልሆነም።

ሃያን ገና እንዳለፍኩ ከሲያትል ወደ ታኮማ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንዲት ትንሽ ወርክሾፕ ውስጥ ከዮናስ ጋር ማግኔት እሠራ ነበር። ሲያትል ውስጥ ቢከን ሂል የሚባል ሰፈር አንድ ክፍል እንጋራለን፤ ሥራውን ያገኘልኝም እሱ ነው። ከጣት ቶሎ የማይለቅ ግራጫ የብረት ብናኝ ከሙጫ ጋር እናዋህዳለን፣ በመጭመቂያ እንጠቀጥቃለን፣ ሙጫው እንዲጠነክር ኦቨን ውስጥ እናስገባለን። ብናኙ አንድ ዓይነት ሆኖ ማግኔቱ እንደ አያያዙ ይለያያል። ጠበቅ አድርገው ከጠቀጠቁት ይበረታል፤ ከልክ ካለፈ ብናኙ ራሱ ይሰባበራል። ከሁሉም የሚያስፈራው ኦቨኑ ነው። አየር እንዳይገባ ናይትሮጅን ይሞላል፣ ሙቀቱም ቀስ ብሎ መውረድ አለበት። ትኩስ እያለ ከተከፈተ ብናኙ ውስጥ ውስጡን ይዝጋል።

እኔ ጊዜያዊ ሠራተኛ ነበርኩ። ኃላፊያችን ጋሽ መኮንን «ይቺን ትእዛዝ አሳምረህ አውጣና ቋሚ አስደርግሃለሁ» ብለውኛል። ቋሚ መሆን ማለት ለእኔ ኢንሹራንስ ነበር፤ ኢንሹራንስ ማለት ደግሞ እንቅልፍ የነሳኝን የመንጋጋ ጥርሴን ማሳከም።

ከዮናስ ጋር የራሳችን ደንብ ነበረን። እዚህ አሜሪካ የሐበሻ ገና የሥራ ቀን ነውና በገና እኔ የእሱን ተራ እሸፍናለሁ፤ በረመዳን እሱ ኦቨኑን ይጠብቅልኝና ወጥቼ አፈጥራለሁ። ለማንም አንናገርም።

የቼሪ ዛፉ ያበበበት፣ ዝናቡም አበባውን መኪኖች ላይ የለጠፈበት ሰሞን ነበር። ሊመሽ ሲል ዮናስ መጣ።

«ሂድ አፍጥር ባክህ፣ ኑሩ። የሆድህ ጩኸት ከማሽኑ በለጠ።»

«ሳይበርድ እንዳትከፍተው።»

«እሺ አባቴ! ሳምቡሳዬን እንዳትረሳ ብቻ።»

እህቴ ቤት በተምር ጀመርኩ፣ ትኩስ ሾርባ ጠጣሁ። ለዮናስ ትልልቆቹን ሳምቡሳዎች መርጬ በፎይል ጠቀለልኩ፤ ማታ ክፍላችን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩለት።

በማግስቱ ማግኔቶቹ ሲፈተሹ ብረት አልስብ አሉ። ጋሽ መኮንን መግነጢስ ወደሚሰጠው ማሽን መልሰው ከተቷቸው፤ ያው ናቸው።

«ሙቀት ብቻ ቢሆን ኃይላቸው ይመለስ ነበር» አሉ፣ አንዷን እያገላበጡ። «እነዚህ ዝገዋል። ትኩስ እያሉ ተከፍቶባቸዋል። ተራው የማን ነበር?»

ተራው የእኔ ነበር። ዮናስን አየሁት። እሱ መሬት መሬት እያየ፣ «የኑሩ ነው፣ ጋሽዬ። ጾም ላይ ስለሆነ ቸኩሎ ይሆናል፤ አይፍረዱበት» አለ።

ከክሱ ይልቅ ያቺ «አይፍረዱበት» አቃጠለችኝ። አልነበርኩም ልል አፌን ከፈትኩ። ግን ተራዬን ጥዬ መሄዴ ራሱ የሚያስባርር ነበር። ያደረገልኝ ውለታ አፌን ዘጋው። ጋሽ መኮንን ዕቃዬን እንድሰበስብ ነገሩኝ፤ ሲናገሩ ፊቴን አላዩም። ከዛጉት ማግኔቶች አንዷን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ።

ፓርኪንጉ ላይ ያዝኩት።

«ለምን ከፈትከው?»

«ኡበር ልሠራ ቸኩዬ… ሶ፣ ትንሽ ቀድሜ ከፈትኩት። አንተ ቴምፕ ነህ፣ ሌላ ታገኛለህ። እኔ ቤተሰብ ይጠብቀኛል።»

«ሳምቡሳውንስ?»

«እ?»

«በላኸው?»

«ጠዋት በላሁት» አለ ቀስ ብሎ።

መንጋጋዬን በኋላ አስነቀልኩት፤ ለማዳን ጊዜው አልፎ ነበር። እስከ ዛሬ ሳስብ ምላሴ ባዶው ቦታ ላይ ይሄዳል። ዮናስ ኖርዝጌት ይኖራል። በየረመዳኑ «እንኳን አደረሰህ ወንድሜ» ብሎ ይጽፍልኛል፤ እኔም «አሜን» እላለሁ። ስንገናኝ እንሳሳቃለን። ቁልፌን ግን እሱ ጋ አላስቀምጥም፤ ጠብቅልኝም ብዬው አላውቅም።

«ለምን አትጥለውም?» አለችኝ ልጅቷ። ጨረቃ የሳለችባትን ስስ ወረቀት ተቀበልኳትና በዚያው ማግኔት ለጠፍኩት። ያዘው። ካላንደሩን ግን ግድግዳው ላይ ሚስማር መትቼ ሰቀልኩት።