ከደብተሬ የቀደድኩት ገጽ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ልጆቼን ስለ ውሸት በአለንጋ እየገረፍኩ ያሳደግኩ እኔ ዋሽቻለሁ። ያውም በጽሑፍ።

ፊደል ያስቆጠረኝ የለም፤ ከሱቅ መጠቅለያ ጋዜጣ ላይ ለቅሜ ነው የተማርኩት። ከዚያ ወዲህ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ባለው መሬቴ ላይ ዝናቡ መቼ እንደገባ፣ ማን ምን እንደተከለ፣ ምንጩ እንዴት እንደከረመ በደብተር ስጽፍ ኖሬያለሁ።

ልጄ ይታይሽ ታሪክ ተማረች። ቀጥላም ሰው ከደንና ከውሃ ጋር እንዴት እንደኖረ የሚያጠናውን የአካባቢ ታሪክ መረጠች። ለዶክትሬቷ የመንደራችን ምንጭ ለምን እንደነጠፈ ልትጽፍ ተነሳችና "አባባ፣ ደብተርዎን ይስጡኝ፤ መጥቼ እወስደዋለሁ" አለችኝ።

እውነቱ እዚያ ውስጥ ነበረ። ከምንጩ በላይ የነበረውን ቀርከሃ መንጥሬ ለከሰል የሚሆን ዛፍ የተከልኩ እኔ ነኝ። በዓመቱ ምንጩ ነጠፈ። ጎረቤቴ እንጉዳይ፣ ባሏ የሞተባት ሴት፣ ባሕር ዛፏን የተከለችው ከዚያ በኋላ ነው። ቀርከሃውን መቁረጤን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ግን የቱ እንደቀደመ ከእኔ በቀር ማን ጽፎ አስቀመጠ? ያንን ገጽ ቀደድኩት። በምትኩ የእሷን ተከላ አስቀድሜ፣ የእኔን ምንጠራ ከድርቁ በኋላ አድርጌ ጻፍኩ። ለምን? ልጄ እንዳታፍርብኝ? ወይስ የተማረ ፊት ትንሽ እንዳልሆን? ሁለቱም ነው።

ይታይሽ አመነችኝ። ዶክተር ሆነች፤ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረች። አንድ ቀን ተማሪዎቿን በሚኒባስ አምጥታ የእንጉዳይን ዛፍ አሳየቻቸው። እንጉዳይ ከአጥሯ ብቅ ብላ ወደ እኔ እያየች፦

"አያ ካሴ፣ ውሃውን የጨረስሽው አንቺ ነሽ አሉኝ እኮ! ይህን ሁሉ የሚችል ሆድ አለኝ እንዴ?"

ተማሪዎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። አብሬ ሳቅሁ!

ወሬው ቀበሌ ደረሰ፤ ዛፉ ይነቀል ተባለ። ሸጣ ቤቷን ቆርቆሮ ልታለብስበት ያሳደገችው ነበር። ሳይደርስላት ተነቀለ። እሷም ያንን የሚያፈስ ቤት ዘግታ ዳንግላ እህቷ ዘንድ ገባች።

ምንጩ ግን አልተመለሰም። ይታይሽ ደውላ "አባባ፣ ዛፉ ከተነቀለ ሦስት ክረምት አለፈ። ውሃው ምነው ቀረ?" አለችኝ። ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። "ጊዜ ይፈልጋል" አልኳት። ይህንንም ይዛ ክፍል ገባች።

አሁን ሥራዋን መጽሐፍ አድርጋ ልታሳትም ነው። ዕድሜዬንና ድካሜን ለይቅርታ መለመኛ አላደርግም፤ ገጹን ስቀድ ጤነኛ ነበርኩ። ነገ ዳንግላ ወርጄ እንጉዳይ ፊት እቆማለሁ። ይቅር ብትለኝ ደግነቷ ነው፤ ባትለኝም እውነቷን ነው።

አንቺ ግን ይታይሽ፣ ይህ በሥራሽ ላይ ምን እንደሚያመጣ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። መጽሐፉን አቁሚው። ይህን ጽሑፍ ለተማሪዎችሽ አንብቢላቸው። ማን ነው ብለው ሲጠይቁሽ፣ አባቴ ነው በያቸው።